ጠይም ፊትና ነጭ ሸማ፤ የፎቶግራፍ ጥበብ በአገራችን ፀሐይ

በቀትር ፀሐይ ነጭ ሸማ የለበሰን ጠይም ሰው ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል መስሎ የሚታየው ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሸማው የወረደበትን ብርሃን ሁሉ ተቀብሎ መልሶ ይረጨዋል፤ ፊቱ ግን በተፈጥሮው ከተቀበለው ጥቂቱን ብቻ ይሰጣል፤ ከአናት ላይ ቀጥ ብላ የምትወርደው ፀሐይም በቅንድብና በአፍንጫ ሥር ጥላዋን እየጣለች ከሰው ፊት ዋናው የሆነውን ዓይንን በጽልመት ትሸፍነዋለች። የሰው ዓይን ሁለቱን አስታርቆ ማየት ሲችል መሣሪያው ግን ይህ አልተሰጠውምና፣ ሸማውን ልያዝ ቢል ፊቱ ይጠቁርበታል፣ ፊቱን ልያዝ ቢል ሸማው ጥለቱም ድርና ማጉም ጠፍቶ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ይሆንበታል። ዛሬ ዲጂታል ካሜራ ወይም የእጅ ስልክ ይዞ ጥበቡን ሀ ብሎ የጀመረ ወጣት የሚያማርርበት ይህ ነገር አዲስ ችግር አይደለም። ፎቶግራፍ ወደ አገራችን ከገባበት ቀን አንሥቶ አብሮን የኖረ ነው፤ የሙያውም ታሪክ፣ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን ግርማ ለጊዜው ትቶ ብርሃኑን ብቻ ለሚመረምር ሰው፣ ከዚህ ችግር ጋር የተደረገ ረጅም ትግል ሆኖ ይገኛል።

የፈረንሳዊው የሉዊ ዳጌር የፎቶግራፍ ብልሃት እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1839 ፓሪስ ላይ ምሥጢሩ በይፋ ሲገለጥ፣ ከዚያም በ1851 ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር የተባለው እንግሊዛዊ ሥዕሉን በብርጭቆ ላይ የሚቀርጽበትን ዘዴ ሲያወጣ፣ እነዚህ ጠቢባን ስለ እኛ ፊት ያሰቡት ነገር አልነበረም፤ እንዲያስቡም አይጠበቅባቸውም ነበር። ነገር ግን ሥዕሉ የሚቀረጽበት የዚያ ዘመን ሰሌዳ ለሰማያዊና ለሐምራዊ ብርሃን እንጂ ለቀይና ለቡናማ ስሜት የሌለው ስለ ነበረ፣ ጥርት ያለው ሰማይ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ጠይም ገጽ ከእውነተኛው መልኩ ይልቅ እጅግ ጠቁሮ ይወጣ ነበር። ጀርመናዊው ሄርማን ፎጌል በ1873 በሰሌዳው ላይ ቀለም ጨምሮ ስሜቱን ለማስፋት መንገዱን እስኪከፍት፣ ሁሉንም ቀለም የሚያይ ሰሌዳም በ1906 ለገበያ እስኪቀርብ ድረስ፣ የአፍሪካ ሰው የተነሣው ፎቶግራፍ ሁሉ በዚህ ዕውርነት ውስጥ ያለፈ ነው። ስለዚህ በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ የአንድ ደጃዝማች ፊት እንደ ከሰል ጠቁሮ ብናየው ደጃዝማቹ እንዲያ ነበሩ ብለን እንዳንፈርድ መጠንቀቅ ይገባናል።

ወደ ኢትዮጵያ ካሜራ ይዘው ከገቡት መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚስዮናዊ ሲሆን፣ የመጣውም እ.ኤ.አ. በ1859 በቤተ እስራኤል መካከል ለመስበክ ነበር፤ በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ትውልድ በጻፈው ቃል ንጉሡን አስቆጥቶ፣ ታስሮ እስከ መቅደላ የደረሰው እርሱ ራሱ ነው። እርሱንና የቀሩትን እስረኞች ለማስፈታት የእንግሊዙ ጄኔራል ሰር ሮበርት ናፒየር ያስከተለው ጦር ሲመጣ ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩበት። የእነዚያ ሰዎች ሥራ ዛሬ ሲታሰብ ያስደንቃል፤ ብርጭቆውን በጨለማ ድንኳን ውስጥ መድኃኒት ቀብቶ፣ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ከትቶ፣ ብርሃን አሳይቶ፣ አሁንም ሳይደርቅ ወደ ድንኳኑ ሮጦ ማጠብ ግድ ነበር፤ ይህም የሚደረገው ውኃ በሚቸግርበትና አቧራ በሚነሣበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ትተውልን ከሄዱት ሥዕሎች ተራራውና ሰፈሩ ጥርት ብሎ ሲታይ የሰው ፊት ግን ብዙ ጊዜ የሚደበዝዝ መሆኑ እንግዲህ ሊያስገርመን አይገባም፤ ድንጋይ አይነቃነቅም፣ ጥላውም ቢጠቁር የሚቀየም ዘመድ የለውም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ሕፃን ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በዚያው ዓመት ዋይት በተባለችው ደሴት ላይ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ይህች ሴት በጥበቡ ጀማሪ ለሆነ ሰው ሁሉ ልትጠቀስ የሚገባት ናት፤ ምክንያቱም ካሜራ በእጇ የገባው በ48 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1863 መጨረሻ፣ ከልጇ በስጦታ ተልኮላት ነው። አስተማሪ አልነበራትም፤ የከሰል ማስቀመጫዋን ጨለማ ክፍል፣ በመስተዋት የተሸፈነውን የዶሮ ቤቷን ደግሞ ስቱዲዮ አድርጋ፣ እጇና ልብሷ በመድኃኒት እየጠቆረ ብርጭቆ ከብርጭቆ ስታበላሽ ከቆየች በኋላ፣ ይህ የመጀመሪያው የተሳካ ሥራዬ ነው ያለችውን የአንዲት ሕፃን ሥዕል በጥር ወር 1864 አገኘች። ዓለማየሁን ስታነሣው እንግዲህ ገና አምስተኛ ዓመቷን አልጨረሰችም ነበር። የዘመኗ ሊቃውንት ሥዕሎችሽ ጥራት ይጎድላቸዋል እያሉ ይነቅፏት ነበር፤ እርሷ ግን የመስተዋቱን ጣሪያ በመጋረጃ እየሸፈነች ብርሃኑ ከወደደችው አንድ ወገን ብቻ ቀስ ብሎ እንዲገባ ማድረግን ተምራ ነበርና፣ የሰባት ዓመቱ ሕፃን ፊት በእርሷ ሥዕል ላይ ከነሐዘኑ ይነበባል። ያ ልጅ በ18 ዓመቱ በባዕድ ምድር ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ። በመቅደላ ዘመቻ ጊዜ ከተነሡት ሥዕሎች ሁሉ ይልቅ ይህን አንዱን የምንወደው በታሪኩ ምክንያት ብቻ አይመስለኝም፤ ብርሃኑ በልክ ስለ ተሰጠ ነው።

ሁለተኛው ጀማሪ ሐረር ላይ ይገኛል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ ከተማይቱ በግብጾች እጅ ሳለች፣ ከሊዮን ከተማ ካሜራ ከነመድኃኒቱ አስመጥቶ ነበር፤ ሐሳቡም ፎቶግራፍ በማንሣት ገንዘብ ለማግኘትና ስለ አገሩ የሚጽፈውን በሥዕል ለማስደገፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1883 ለእናቱና ለእኅቱ ሦስት ሥዕሎች ላከ፤ ሦስቱም የራሱ ናቸው፤ አንደኛው በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ ሁለተኛው በቡና ተክል መካከል፣ ሦስተኛው በሙዝ ተክል መካከል እጆቹን አጣምሮ። ሥዕሎቹ ነጣ ነጣ ያሉት የሚያጥብበት ውኃ መጥፎ ስለ ሆነ መሆኑንም አብሮ ጽፏል። ይህ ሰበብ ብቻ አልነበረም፤ በሥዕሉ ላይ የሚቀረውን መድኃኒት በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ አጥቦ ያላወጣ ሰው ሥራው ቀን በቀን ሲደበዝዝ ያያል። እኔን ግን ከውኃው ይልቅ ልብሱ ያስተምረኛል። ራምቦ የለበሰው ነጭ ነው፤ በሐረርም ፀሐይ ያ ነጭ ልብስ ብርሃኑን ጠቅልሎ ስለ ወሰደው የፈረንሳዊው ፊት እንኳ ዓይኑና አፉ እስከማይለይ ድረስ ጠፍቷል። አውሮፓ ለአውሮፓውያን ፊት የሠራችው መሣሪያ አንዱን የገዛ ልጇን በነጭ ጥጥና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ፀሐይ መካከል ሲያጣው ማየት፣ ችግሩ በፊታችን መጥቆር ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል። ራምቦ በ1885 ካሜራውን ሸጠው። ዛሬ ሐረር ውስጥ ራምቦ ቤት በሚባለው ሙዚየም የከተማይቱ የጥንት ፎቶግራፎች ተሰቅለው ይታያሉና ወደዚያ የሚሄድ ሰው ይህን ብርሃን በገዛ ዓይኑ ሊመረምር ይችላል።

በሸዋ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ጥበቡ ቤተ መንግሥት ገባ። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ድልድይና ቧንቧ ከመሥራቱ ጋር ብዙ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ ሥዕሎቹም ዛሬ በዙሪክ ተጠብቀው ይገኛሉ። መኳንንቱንና ካህናቱን ይህ ነገር የሰይጣን ሥራ ነው የሚል ፍርሃት ይዟቸው እንደ ነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ለባዕድ መሣሪያ ሁሉ በነበራቸው ጉጉት ነገሩን እንደ ደፈሩት ይነገራል። በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያም ከዲያርበኪር የመጣው አርመናዊ በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያው ከእርሱ ወደ ልጆቹ ወደ ሃይጋዝና ቶኒ ወደተባለው ቶርኮም ተላልፎ፣ አንድ ቤተሰብ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ የነገሥታቱን ገጽ ሲቀርጽ ኖረ።

የዚያን ዘመን ፎቶግራፎች አተኩሮ ያየ ሰው መሬት ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ፣ ከኋላ የተወጠረ ጨርቅ፣ አንዳንድ ጊዜም ጨርቁ ሳይበቃ ቀርቶ በዳር በኩል የድንጋይ ካብ ወይም የአጎዛ ጫፍ ብቅ ብሎ ያያል። ይኸውም ሥራው የሚሠራው በግቢ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን መሆኑን ይነግረናል። መኳንንቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ ወይም ይቀመጣሉ፤ ለምዱ፣ ጋሻው፣ ጎራዴው ሁሉ በቦታው ነው፤ በጎናቸው ዞረው የተነሡ ግን ጥቂቶች ናቸው። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ሲሣል፣ ኃጥኡ ግን በአንድ ዓይኑ ብቻ በጎን ይሣላል፤ እንዲህ ያለውን ሥርዓት ከሕፃንነቱ ጀምሮ በመቅደስ ግድግዳ ላይ ሲያይ ያደገ ሰው ካሜራ ፊት በቀረበ ጊዜ በጎኑ ለመታየት እሺ አለማለቱ እኔ እንደሚመስለኝ ከዚሁ የመጣ ነው። ይህ ልማድ ሳይታሰብ ለብርሃኑም በጀ። ሰውየው ከሰገነቱ ጥላ ሥር ሆኖ ፊቱን ወደ ተከፈተው ሰማይ ባቀና ጊዜ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ለስላሳ ሆኖ ይመጣለታል፤ በሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጠብጣብ ትበራለች፤ ሸማውም ከቀጥተኛ ፀሐይ ስለ ተከለለ ጥለቱን አያጣም። ዛሬም ቢሆን ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል ምክር የለም።

ፎቶግራፍ ለማታለልም እንደሚያገለግል አገሪቱ ቶሎ ተማረች። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ለሚለው ክስ ማስረጃ ከተደረጉት ነገሮች መካከል የእስላም ልብስ ለብሰው የሚታዩባቸው ፎቶግራፎች እንደ ነበሩ፣ ከእነዚህም ውስጥ በብልሃት የተቀጣጠሉ ይገኙበት እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፍት ይናገራሉ። ሥዕሉ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ ከዚያ በፊት በቃልና በማኅተም ይመሰከር የነበረው ነገር ከዚያ ወዲህ በፎቶግራፍ መመስከር ጀመረ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ደግሞ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ካሜራውን ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1931 እትሙ የበዓሉን ሥዕሎች ከነቀለማቸው አውጥቶ ወርቁንና ቀይ ከፋዩን ለማያውቀው ዓለም አሳየ። በጠላት ወረራ ዘመን የኢጣልያ ወታደሮች የገደሏቸውን ሰዎች ሳይቀር ፎቶግራፍ እያነሡ በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር፤ እነዚያ ሥዕሎች ከነፃነት በኋላ በራሳቸው በአንሺዎቹ ላይ ምስክር ሆነው በመንግሥታችን ታትመዋል።

ሙያው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ለሕዝብ የደረሰው በከተሞቻችን ፎቶ ቤቶች በኩል ነው፤ በተለይም በአዲስ አበባው ፒያሳና በአካባቢው። የእነዚህ ቤቶች ታሪክ በመጽሐፍ ብዙ አልተጻፈም፤ ነገር ግን በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለሚገኝ ያላነበበው ሰው የለም። ከገጠር መጥቶ ሥራ የያዘ ጎልማሳ ለወላጆቹ የሚልከውን ሙሉ ፎቶ፣ ተማሪው ለመታወቂያ የሚፈልገውን ጉርድ ፎቶ፣ ሙሽሮቹ ከሚዜዎቻቸው ጋር የሚነሡትን፣ ሁሉንም የሚያነሣው ያው ባለሙያ ነው። ኮትና ክራባት የሚያውሱ ፎቶ ቤቶች ነበሩ፤ ከበስተኋላም ሐይቅ፣ ሕንፃ ወይም የአበባ ቦታ የተሣለበት ጨርቅ ይዘረጋል፤ ሰውየው በሸራ ላይ በተሣለ ደረጃ አጠገብ እጁን በኪሱ ከትቶ ቆሞ፣ ኑሮው የተቃና መሆኑን ሥዕሉ በእርሱ ፈንታ ለእናቱ ይናገርለታል።

የባለሙያውን እጅ ጠጋ ብለን እንየው። አንዲት ወይዘሮ አዲስ የሀገር ልብስ ለብሰው ገብተው ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ፣ የሰለጠነ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ከመንካቱ በፊት ልብሱን ያያል። «እትዬ፣ ነጠላዎን ከጉንጭዎ ትንሽ ያርቁልኝ፤ አገጭዎን ዝቅ፤ እንዲህ፣ ይበቃል» ይላል። ነጠላውን ማስራቁ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ጋር የተጣበቀ ነጭ ፊቱን ያጠቁረዋልና ነው። ከዚያ ዋናውን መብራት ወደ ፊታቸው አቅርቦ፣ በመብራቱና በትከሻቸው መካከል ካርቶን አቁሞ ብርሃኑ ፊት ላይ እንዲያርፍና ልብሱ ላይ ቀዝቀዝ እንዲል ያደርጋል። ፊልሙ ታጥቦ ከወጣ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት ሥር ወረቀቱ ላይ ሲያትም፣ ፊቱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ለጥቂት ጊዜ እጁን ወይም በሽቦ ጫፍ ያሰራትን ክብ ካርቶን እያወዛወዘ ብርሃኑን ይከለክለዋል፤ ፊቱ ፈካ ይላል፤ ቀጥሎ በተቀደደ ካርቶን ሁሉን ሸፍኖ ልብሱን ብቻ ጥቂት ተጨማሪ ብርሃን ያቀምሰዋል፤ ጥለቱ ብቅ ይላል። መጨረሻ ላይ ቀጭን እርሳስ ቀርጾ በነጋቲፉ ላይ ማድያቱንና የዓይን ሥር መስመሩን ይነካካል፤ እርሳሱ በነጋቲፉ ላይ ያጠቆረው በወረቀቱ ላይ ነጥቶ ይወጣልና ወይዘሮዋ ዐሥር ዓመት ታንሰው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ያ ባለሙያ ይህን ሁሉ የተማረው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከጌታው ጎን ቆሞ የመድኃኒቱን ሳህን እያጠበ ነው። በቀትር ፀሐይ መሣሪያው ሊያስታርቃቸው ያልቻለውን ፊትና ሸማ፣ እርሱ ግማሹን በመብራት ግማሹን በእጁ ጥላ አስታረቃቸው።

የቀለም ፊልም ሲመጣ ችግሩ በሌላ መልኩ ተመለሰ። የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ፣ የፎቶ ማተሚያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉበትን የናሙና ሥዕል ለዓመታት ሲያድል የኖረው የአንዲት ነጭ ሴት ምስል አድርጎ ነበር፤ የእርሷ ቆዳ ልክ ከሆነ የቀረው ሁሉ ልክ ነው ተብሎ ታሰበ። ጠይም ፊት ያለበት ፊልም በዚያ ሚዛን ሲታተም አመድ ይለብሳል፣ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ወይም ከጥርስና ከዓይን በቀር የሚታይ ነገር ሳይኖረው ይቀራል። የሚያሳዝነውም የሚያስቀውም፣ ኩባንያው ፊልሙን ለማሻሻል ከተነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ የጥቁር ሕዝብ አቤቱታ ሳይሆን የቸኮላታና የእንጨት ዕቃ ፋብሪካዎች ቅሬታ መሆኑ ነው፤ የጠቆረውን ቸኮላታ ከነጣው፣ የአንዱን እንጨት ቀለም ከሌላው መለየት አልቻልንም ብለው ነበርና። ለጣውላ ሲባል የተሻሻለው ፊልም እግረ መንገዱን ለእኛም ደረሰ።

ከዚያው ከኮዳክ ቤት ነው ዲጂታል ካሜራም የወጣው። እ.ኤ.አ. በ1975 ስቲቨን ሳሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ወደ 3.6 ኪሎ የሚመዝን መሣሪያ ገጣጥሞ፣ ከ10,000 ነጥቦች የተሠራ አንድ ጥቁርና ነጭ ሥዕል በካሴት ክር ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ፈጀበት። ፊልሙና መድኃኒቱ፣ የሐረር መጥፎ ውኃም ጭምር፣ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ከታሪኩ ወጡ። ብርሃኑ ግን አልወጣም። ካሜራው ብርሃን ሲለካ ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚነሣው፤ ስለዚህ የጥምቀት ለት ጃንሜዳ ላይ ነጭ የለበሰ ሕዝብ መካከል የቆመ ዲያቆን ሲያነሣ፣ ይህ ሁሉ ነጭ ግራጫ መሆን አለበት ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ የተቀነሰው ብርሃን ሂሳቡ የሚወራረደው በዲያቆኑ ፊት ላይ ነው። ጀማሪው ይህን ካወቀ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ወደ መደመሩ አንድ እርምጃ መግፋት፣ በስልክ ከሆነ ደግሞ ፊቱን በጣቱ ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ይበቃዋል።

ይበቃዋል ማለቴ ግን በጥላ ስፍራ ነው። ፀሐይ ላይ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ፤ የድሮው ነጋቲፍ ብርሃን ሲበዛበት ጠቆር ብሎ ዝርዝሩን በውስጡ ይዞ ይቆይ ነበርና ባለሙያው ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥለቱን ያወጣው ነበር፤ ዲጂታሉ ግን አንድ ጊዜ ሞልቶ የፈሰሰበትን ነጭ ማንም አይመልስለትም። በተቃራኒው የጠቆረን ነገር፣ በተለይ ሮው በሚባለው አቀራረጽ ከተያዘ፣ በኮምፒውተር ብዙ ማፍካት ይቻላል። እንግዲህ በፀሐይ ላይ ሸማውን አስቀድሞ ማዳን፣ ፊቱን ደግሞ በሌላ መንገድ መርዳት ያስፈልጋል፤ ሰውየውን ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ማቆም፣ ወይም ጓደኛ አንድ ነጠላ ዘርግቶ ከደረቱ ዝቅ ብሎ እንዲይዝለትና ብርሃኑ ከታች ወደ ፊቱ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሰዓቱን መምረጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ በቀትር ልክ በአናት ላይ ታልፋለች፤ በቀረውም ጊዜ ከአናት ብዙ አትርቅም፤ ከተማይቱም ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ስስ፣ ጥላውም እንደ ምላጭ የሰላ ነው። ከጧቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከቀኑም ከዐሥር ሰዓት በኋላ፣ ብርሃኑ ጎን ለጎን ይመጣል፤ የጠይም ቆዳ ወዝ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ከሸክላና ከመዳብ የሚመሳሰሉት የፊታችን ቀለሞች በቀትር አንድ ጥቁር ብቻ ሆነው እንደሚደፈኑና በዚህ ሰዓት እንዴት እንደሚለያዩ ያላየ ሰው፣ አዲስ ሌንስ ለመግዛት መቸኮሉ ለእኔ ከንቱ ወጪ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ጉግል የተባለው ኩባንያ ስልኮቹ ጠቆር ያለ ቆዳን በእውነተኛ መልኩ እንዲይዙ አሻሽያለሁ ብሎ አስታወቀ፤ ሌሎችም ተከትለዋል። የዳጌር ብልሃት በተገለጠ በ182ኛው ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። አንዳንድ የዘመኑ ስልክ ደግሞ ሳይጠይቅ ፊትን የሚያነጣና የሚያለሰልስ ማጣሪያ አለው፤ የፎቶ ቤቱ እርሳስ ማድያት ሲያጠፋ የሰውየውን መልክ አይነካም ነበር፤ ይህኛው ግን ጠይሙን ቀይ ዳማ አድርጎ ሌላ ሰው ሊያወጣ ይችላልና ጀማሪው ማጣሪያውን ፈልጎ ቢያጠፋው እመክራለሁ።

ብርሃኑ ከተስተካከለ በኋላ ሥዕሉን ከነስሙ ማቆየት ይቀራል። መስቀል አደባባይ አጠገብ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተደረደሩት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ጉርድ ፎቶዎች ናቸው፤ ለመታወቂያ ወይም ለምዝገባ ወረቀት በአንድ ተራ ቀን በአንድ ፎቶ ቤት የተነሡ፣ ፊት ለፊት የሚመለከቱ ወጣቶች። ያነሣቸው ባለሙያ የወደፊቱን አያውቅም ነበር፤ ያወቀው መብራቱን ፊት ላይ ማሳረፍን ብቻ ነው። ቤተሰብ ስማቸውን ስለ ሰጠ ዛሬ እነማን እንደ ነበሩ እናውቃለን፤ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉት ሌሎች እልፍ አእላፍ ፎቶግራፎች ግን ስም የላቸውም፤ አያትየው ካረፉ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደ ቆመ የሚናገር አይገኝም። ዲጂታል ካሜራ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል፤ የሚመዘግበው ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱም ከፋብሪካ እንደ ወጣ ከተተወ የዘንድሮውን ፋሲካ ከብዙ ዓመት በፊት በነበረ ጥር ወር ላይ ሊያውለው ይችላል። ስለዚህ ጀማሪው ካሜራውን በገዛ ዕለት ቀኑን ያስተካክል፤ ከሚያነሣቸውም የተሻሉትን መርጦ በየዓመቱ ጥቂቶቹን በወረቀት ያሳትም፤ ከጀርባው ላይም የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፍ፤ የዛሬው ወረቀት ጀርባ በፕላስቲክ የተለበጠ ስለ ሆነ እርሳስ አይዝለትምና በማይተላለፍ ቀለም በቀስታ፣ ከፊቱ ትይዩ ሳይሆን ከዳር በኩል ይጻፍበት።